ወተት ስለተመሳሰለ ዝምድና የለም

የስሎቫክኛና የሰርብኛ ዘዬዎችን ማነጻጸር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይዞልኝ የሚመጣው ወተትን ነው። «ስሎቫኮች ምልዬኮ ይላሉ። የሄርዞጎቪና (በቦስኒያና ሄርዞጎቪና ደቡብ) ሰርቦች ምሊዬኮ፣ ቤልግሬድ ደግሞ ምሌኮ። ስለዚህ ለስሎቫክኛ የሚቀርበው የሄርዞጎቪናው ነው!» ዓይኑ ይበራል። አልፈርድበትም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጽፌ ነበር። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጽፈው መለሱልኝ፦ «ፕሬሾቭስ?»

ፕሬሾቭ ምሥራቅ ስሎቫኪያ ነው። እዚያ በአገሬው ዘዬ ወተት ወደ ምሌኮ ይጠጋል። በእኔ ሂሳብ የፕሬሾቭ ገበሬ የቤልግሬድ ዘመድ ሊሆን ነው! ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ከጥንት የወረሱት አንድ አናባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አካባቢ በራሱ መንገድ ቀየረው። ስሎቫክኛ የምዕራብ ስላቭ ነው፣ ሰርብኛ የደቡብ። መሃላቸው ሀንጋሪ አለች።

የአናባቢ ርዝመትም ያው ነው። የምሥራቅ ስሎቫክ ዘዬዎች ረጅም አናባቢ የላቸውም፣ በደቡብ ምሥራቅ ሰርቢያ በፒሮት አካባቢ የሚነገረው የቶርላክ ዘዬም የለውም። ግን የመጀመሪያው ጎረቤት ፖላንድኛ ነው፣ የሁለተኛው ቡልጋርኛና መቄዶንኛ። እባካችሁ ካርታ ዘርጉ!

ሌላው ስህተት የመንደር ንግግርን ከመጽሐፍ ቋንቋ ጋር ማጋጠም ነው። የስሎቫኩ ምሁር ሉዶቪት ሽቱር እ.ኤ.አ. በ1843 የቀረጸው የስሎቫክ መደበኛ ቋንቋ ራሱ ከመካከለኛው ዘዬ የተነሣ ነው። መደበኛ ሰርብኛን የቀረጸው የቩክ ካራጂችም ከምሥራቅ ሄርዞጎቪናው ዘዬ። የፒሮት አያት ሲያወሩ የሰማ «ሰርብኛ የስም እርባታውን (ስም እንደ አገባቡ መጨረሻውን መቀየሩን) ጥሏል» ይለኛል። የጣለው እሳቸው ጋ ነው፣ ያውም አብዛኛውን እንጂ ሁሉን አይደለም። ዘዬን ከዘዬ ጋር አስተያዩ።

በሰሜን ሰርቢያ፣ በቮይቮዲና፣ ባችኪ ፔትሮቫትስ በተባለ ከተማ የሚነገረውን ደግሞ «መሃል ቋንቋ» አትበሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰፈሩ ስሎቫኮች ስሎቫክኛ ነው፣ የሰርብ ቃላት ገቡበት እንጂ። እዚያው ቮይቮዲና ባለው በሩስኪ ክርስቱር መንደር በሚነገረው ሩሲን ላይ መከራከር የፈለገ ግን ቡና አፍልቶ ይጥራኝ። ተናጋሪዎቹ ሩሲን የተባለ የስላቭ ሕዝብ ነን ይላሉ፣ ንግግሩ ምሥራቅ ስሎቫክን ይመስላል።

ቃል ከመዘርዘራችሁ በፊት ትርጉም ጠይቁ። «ስሎቮ» ለስሎቫክ ቃል ነው፣ ለሰርብ ፊደል። ይህን እያወቅሁ፣ አንድ የሰርብ ቤት ምሳ ተጋብዤ ምግቡን ላደንቅ «ኡዣስኖ!» አልኩ። በስሎቫክኛ «ኡዣስኔ» ድንቅ ነው፣ ያንኑ ያልኩ መስሎኛል። በሰርብኛ ግን «ኡዣስኖ» «ዘግናኝ» ነው። የቤቱ እመቤት ምንም ሳይሉ ሳህኑን አነሱት።