መሀል ከተማ ላይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ማሠራት ላሰባችሁ

ሰው ሙራል፣ ማለት የግድግዳ ሥዕል፣ ማሠራት ሲያስብ ወሬው ሁሉ ስለ ሥዕሉ ነው፣ ምን ይሳል፣ ማን ይሳለው፣ ምን ቀለም ይብዛበት። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ግድግዳውን እዩት ነው የምለው፣ ምክንያቱም የፈለገ ጎበዝ ሰዓሊ ብታመጡ ግድግዳው ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ቀለሙ መላጡ አይቀርም፣ እሱም የሚላጠው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ነው።

ስለዚ ሂዱና በደንብ መርምሩት። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ጨው ነው፣ ከውስጥ እርጥበት ገፍቶት የወጣ፣ እሱን ጠርጎ ቀለም መቀባት ዋጋ የለውም፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መገኘት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የተቀደደ አሸንዳ ወይ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ከተጠራጠራችሁ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በማሸጊያ ፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ከስሩ አልቦት ካገኛችሁት ግድግዳው ገና አልደረቀም ማለት ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ 28 ቀን አካባቢ ታገሱት። ፀሐዩንም እዩ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመታው ግድግዳ ላይ አንዳንድ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች ግን ብዙ ዘመን ይቆያሉ።

ከዛ የግድግዳው ባለቤት። በቃል እሺ ማለቱ አይበቃም፣ ሥዕሉ ስንት አመት እንደሚቆይ፣ ህንፃው ቢሸጥ ምን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያሳድስ በጽሁፍ አስፈርሙት። አጠገቡ ባዶ ቦታ ካለ ነገ ፎቅ ተሠርቶ ይሸፍነው እንደሆነም አጣሩ። የከተማው አስተዳደር ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ እሱንም ቀድማችሁ ጨርሱ፣ መወጣጫ እግረኛ መንገድ ላይ ሲተከል ብዙ ቦታ ለብቻው ፈቃድ አለው።

ሰዓሊ ስትመርጡ በነፃ ዲዛይን ሠርታችሁ አምጡ አትበሉ፣ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ የሰው ሥራ ነው። መጀመሪያ ፖርትፎሊዮ (ከዚ በፊት የሠሯቸውን ሥራዎች ስብስብ) ብቻ ተቀበሉ፣ ከዛ ሦስት አካባቢ ምረጡና ለያንዳንዳቸው የዲዛይን ከፍላችሁ ስኬች (የሥዕሉን ረቂቅ) አሠሩ። ሸራ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ሁሉ የአራት ፎቅ ግድግዳ ይችላል ማለት አይደለም፣ ከዚ በፊት ከቤት ውጭ የሠራውንና የቆየውን ሥራ ጠይቁ፣ ከተቻለ ሄዳችሁ እዩት።

የአካባቢውን ሰው ደግሞ ስኬቹ ከማለቁ በፊት አናግሩ፣ ካለቀ በኋላ ጠርቶ አስተያየት ስጡ ማለት ለይስሙላ ነው። በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1984 ግራፊቲን (ያለፈቃድ ግድግዳ ላይ የሚጻፍና የሚሳል ነገርን) ለመከላከል ተብሎ ከተጀመረ ሥራ ያደገው የሙራል ፕሮግራም ጥሩ ዘዴ አለው፣ ሥዕሉን ከፋፍለው ስስ ጨርቅ ላይ ነዋሪው፣ ተማሪው፣ አዛውንቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይቀባዋል፣ ከዛ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችል ሰው ሁሉ እጁን ያሳርፋል።

ውሉ ላይ አትሰስቱ። የሜክሲኮው ሰዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በፈረንጆቹ 1933 ኒውዮርክ ሮክፌለር ሴንተር ውስጥ ሲስል ስኬቹ ላይ ያልነበረ የሩሲያውን የኮሚኒስት መሪ የሌኒንን ምስል ጨመረ፣ አሠሪዎቹ አውጣው አሉት፣ እምቢ አለ፣ ገንዘቡን ከፍለው አስቆሙት፣ በ1934 ሥዕሉ ተፈረካከሰ። ስለዚ ከጸደቀው ስኬች ውጭ ለውጥ ሲመጣ ማን እንደሚወስን፣ ስንቴ ማስተካከያ መጠየቅ እንደሚቻል ይጻፍ። በተቃራኒው ደግሞ እዛው ኒውዮርክ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባለው ህንፃ ላይ የነበሩትን የግድግዳ ሥዕሎች የህንፃው ባለቤት በፈረንጆቹ 2013 በነጭ ቀለም ሸፈናቸው፣ ሰዓሊዎቹ ክስ መሥርተው በ2018 ፍርድ ቤት 6.75 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደላቸው። የናንተ ሀገር ህግ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሥዕሉ የሚነሳ ከሆነ ለሰዓሊው ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገረው፣ ፎቶውን ቲሸርትና ፖስተር ላይ ማን መጠቀም እንደሚችል፣ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱን ማን እንደሚገባ ሁሉም ይግባበት። ክፍያውን በየደረጃው አድርጉት፣ ሲፈረም፣ መሀል ላይ፣ ሲያልቅ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ቢያንስ ቀለሙንና የመወጣጫውን ኪራይ ይሸፍን፣ ሰዓሊው ከኪሱ አበድሮ እንዳይሠራላችሁ።

ሥራው ሲጀመር ግድግዳው ታጥቦ ደርቆ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ማያያዣ) ይቀባል፣ እዚ ጋ ቀን ለመቆጠብ አትቸኩሉ። አክሬሊክ ቀለም (በውሃ የሚበጠበጥ የፕላስቲክ ቀለም ዓይነት) ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያዝም፣ ዝናብ ሲኖርም አይሆንም፣ ፕሮግራሙ ላይ ትርፍ ቀን ያዙ። ግድግዳው ከዚ በፊት ተቀብቶ የማያውቅ ድንጋይ ወይ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ሲሊኬት የሚባል የማዕድን ቀለምም አለ፣ ከግድግዳው ጋር ይዋሃዳል፣ እርጥበትም ያስወጣል፣ የድሮ ፕላስቲክ ቀለም ላይ ግን አይሆንም። መጨረሻ ላይ የግራፊቲ መከላከያ ሲቀባ ከስር ካለው ቀለም ጋር እንደሚስማማ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት።

ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ባጀት ላይ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ ማንም አይሰጣችሁም። ሰዓሊው ከመሄዱ በፊትም የተጠቀመውን ቀለም ሁሉ ስምና ቁጥሩን፣ የዲዛይኑን ፋይል፣ ከየቀለሙ የተረፈውንም በጣሳ ተቀበሉት፣ አንድ ጥግ ሲጫር ያንኑ ቀለም ፍለጋ አትንከራተቱም።