ትናንት ሲሠራ የነበረው የፍላተር አፕ ዛሬ ቢልድ አልሆን ሲል

ኮዱን አልነካችሁትም። አንድሮይድ ስቱዲዮን ብቻ ነው አፕዴት ያደረጋችሁት። ኤፒኬ ለማውጣት ስትሞክሩ ግን ስክሪኑ በኤረር ይሞላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የድሮውን ቢልድ የሚያጸዳውን «ፍላተር ክሊን» ይላል። አልሆን ሲለው ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። ዳታ ይበላል እንጂ ለውጥ የለውም፤ የተበላሸ ፋይል የለማ! ያልተስማሙት ጃቫ፣ ግሬድል (አፑን ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ) እና የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን (ግሬድል የአንድሮይድ አፕ እንዲሠራ የሚያስችለው ተጨማሪ፤ ከዚህ በታች «ፕለጊን» ስል እሱን ነው) ናቸው። ከማጥፋታችሁ በፊት ኤረሩን አንብቡት።

«አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 65»

መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ከ65 ላይ 44 ቀንሱ፣ 21 ይመጣል። ቢልዱ በጃቫ 21 እየሄደ ነው ማለት ነው። 61 ቢል ኖሮ ጃቫ 17 ነበር። ፍላተር ሌላ ካልነገራችሁት አንድሮይድ ስቱዲዮ ይዞት የሚመጣውን ጃቫ ይጠቀማል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌዲበግ የተባለው የአንድሮይድ ስቱዲዮ ቨርዥን ደግሞ ከ17 ወደ 21 አሳድጎታል። በጃቫ 21 ላይ መሥራት የሚችለው ግሬድል ከ8.5 ጀምሮ ያለው ነው።

በፕሮጀክቱ «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ «ግሬድል»፣ ከዚያ «ራፐር» ውስጥ ግቡ። በፕሮፐርቲስ ፋይሉ ላይ «ዲስትሪቢውሽን ዩአርኤል» የሚለውን መስመር ፈልጉና ቨርዥኑን 8.5 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት። መጨረሻው ላይ «ኦል» ካለ በ«ቢን» ቀይሩት። «ኦል» የግሬድልን ሶርስ ኮድና ዶክመንቴሽን ጨምሮ ያወርዳል፤ ለቢልድ አያስፈልግም።

ዳውንሎዱ መሃል ላይ መብራት ወይም ኔት ከሄደ ግማሽ ዚፕ ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ኤረር ዚፑን መክፈት አልተቻለም የሚል ከሆነ፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ በነጥብ የሚጀምረውን የግሬድል ፎልደር ክፈቱ። «ራፐር»፣ ከዚያ «ዲስትስ» ውስጥ የዚያን ቨርዥን ፎልደር ብቻ አጥፉና ድገሙት።

ኤረሩ ውስጥ «ጄሊንክ» የሚል ቃል ካለ

ጃቫ 21 ከ8.2.1 በታች ከሆነ ፕለጊን ጋር ተገናኝቶ ነው። ፕለጊኑን ከፍ አድርጉ። ቨርዥኑ በአዳዲስ ፕሮጀክቶች ሴቲንግስ ግሬድል ላይ፣ በቆዩት ደግሞ «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ ባለው ቢልድ ግሬድል ላይ ይገኛል።

«ጃቫ 17 ያስፈልጋል፣ አንተ ግን 11 እየተጠቀምክ ነው» ሲል

ይሄ ተቃራኒው ነው። ፕለጊኑ 8.0 ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ጃቫው ግን አርጅቷል። ጃቫ 17 ጫኑና «ፍላተር ኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ የጄዲኬውን (የጫናችሁትን ጃቫ) ፎልደር አሳዩት። የትኛውን ጃቫ እንደያዘ ለማረጋገጥ «ፍላተር ዶክተር»ን ከነቪው (-v) አስኪዱት።

ደንበኛ ዛሬውኑ የሚጠብቀው የቆየ ፕሮጀክት ከሆነም የኔ ምክር ይኸው ነው። ሁሉንም ከማሳደግ ጃቫ 17ን አሳዩትና ሥራችሁን አስረክቡ። ግሬድል ከ7.3 ጀምሮ ጃቫ 17ን ይቀበላል።

«ኔምስፔስ ኖት ስፔሲፋይድ»

ከፕለጊን 8.0 ወዲህ እያንዳንዱ ሞጁል ኔምስፔሱን (መለያ ስሙን) ቢልድ ግሬድሉ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ኤረሩ ላይ የሞጁሉ ስም ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ፓኬጅ ነው። ፓኬጁን አፕዴት አድርጉ። የሚያድሰው ሰው ከሌለ ሌላ ፈልጉለት። ካሽ ውስጥ ገብታችሁ በእጅ አታስተካክሉት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያው ኤረር ይጠብቃችኋል።

ቢልዱ ካለፈ በኋላ የራፐሩን ፋይል ጊት ላይ ኮሚት አድርጉት፤ አብረዋችሁ የሚሠሩትም ያንኑ ግሬድል ያገኛሉ።