ካህን ከገንዘብ ፍቅር ተጠብቆ እንዴት ያገልግል?

በጎጃም ገጠር የሚያገለግል ካህን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ምእመናኑ አርሶ የሚበላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የቤቱን ቀለብ በእጁ ሥራ ለመቻል ይጣር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም የማንንም ብርና ወርቅ እንዳልተመኘ፣ ለሚያስፈልገውም ነገር እጆቹ እንዳገለገሉ ተናግሯል (የሐዋርያት ሥራ 20፥33-34)።

ለክርስትናም ሆነ ለሙታን ለሚጸለየው ፍትሐት ሲጠራ ዋጋ አይተምን፤ ለድሀውም ጸሎቱን አያሳጥር። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ለሙት መታሰቢያ የሚደገሰው ተዝካር ነው፦ ሐዘንተኛው የእርሻ በሬውን ሸጦ ሊደግስ ሲያስብ ካየ፣ የንስሐ አባቱ ራሱ ቀድሞ «አቅምህ የፈቀደውን ብቻ አድርግ» ብሎ ይከልክለው።

የሙዳየ ምጽዋቱን (የምጽዋት ሣጥኑን) ገንዘብ ብቻውን አይቁጠር፤ ደብሩን የሚያስተዳድረው የሰበካ ጉባኤ አባላት ባሉበት ተቆጥሮ ይመዝገብ። ከሚደርሰውም እህል ለቆሎ ተማሪዎች ድርሻ ለይቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) እያሉ ሊለምኑ ደጁ እስኪመጡ ሳይጠብቅ ወደ ጎጇቸው ይላክላቸው።