የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ሲጮህና ሲደነቁር፦ ችግሩና መፍትሄው

ማሽኑ ባዶ መሬት ላይ ያለማቋረጥ ሲጮህ

ማሽኑ ተበላሽቷል ከማለትዎ በፊት ኮይሉን (በዘንጉ ጫፍ ያለውን፣ መሬቱን የሚዳስሰውን ክብ ክፍል) እስከ ወገብዎ ከፍ አድርገው ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። ከፍ ብሎም ጩኸቱን ካልተወ፣ የሚረብሸው በአቅራቢያ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም በኪስዎ የያዙት ስልክ ነው፤ ስልኩን ያጥፉ፣ ማሽኑም የሚሠራበትን ሞገድ (ቻናል) የሚቀይር ከሆነ ይቀይሩት። ከፍ ሲል ዝም ብሎ ወደ መሬት ሲወርድ ከጮኸ ግን ምክንያቱ አፈሩ ነው። በአሶሳ ዙሪያ እንዳለው ያለ በብረት ማዕድን የቀላ አፈር፣ ወርቅ አጣቢዎች ከገበቴ ሥር የሚቀርላቸው ዓይነት ጥቁር አሸዋም፣ ማሽኑን ያሳስተዋል።

መፍትሄው ግራውንድ ባላንስ፣ ማለትም ማሽኑን ከአፈሩ ማዕድን ጋር ማላመድ ነው። ምንም ዓይነት ብረታ ብረት እንደሌለበት ባረጋገጡት ቦታ ላይ ኮይሉን ከ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ ደጋግመው ዝቅ ከፍ እያደረጉ፣ ሲወርድም ሲወጣም ድምፁ አንድ ዓይነት እስኪሆን ያስተካክሉ፤ አፈሩ ቀለሙን በለወጠ ቁጥርም ይድገሙት። ከዚህ በኋላም ካልረጋ ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን የስሜት መጠን) አንድ ሁለት ደረጃ ይቀንሱ። ብዙዎች ጥልቀት እናጣለን ብለው ይህን አይደፍሩም፤ ነገር ግን የትንሽ ወርቅ ድምፅ የሚጠፋው በጩኸቱ መካከል ስለሆነ፣ ረግቶ የሚሠራ ማሽን ሁልጊዜ ይሻላል። አፈሩ ይህንንም እምቢ ካለ፣ እንዲህ ላለው መሬት የሚስማማው የፐልስ ኢንዳክሽን ማሽን፣ ማለትም በማያቋርጥ ሞገድ ፈንታ በአጭር በአጭሩ ምት የሚልክ ዓይነት ነው።

አንዳንዴ የሚጮኸው አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ድንጋዩን በእግርዎ ገፋ ያድርጉት፤ ድምፁ አብሮት ከሄደ ማግኔት ያስጠጉት፤ ማግኔቱ ከሳበው ብረት አዘል ድንጋይ ነውና ይለፉት።

ሳንቲም የሚያገኘው ማሽን ወርቅ ላይ ዝም ሲል

ለሳንቲም ተብሎ የተከፈተው ዲስክሪሚኔሽን (ማሽኑ የብረት ቆሻሻን ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ማጣሪያ) ነው ወርቁን የሚውጠው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ወርቅ ማሽኑ የተገኘውን ነገር ለመለየት በሚሰጠው ቁጥር ከብረት ወይም ከሲጋራ ፎይል ጎን ትውላለች፤ ስለዚህ ለወርቅ ሁሉንም ዓይነት ብረታ ብረት የሚያሰማውን ሞድ ይምረጡ፣ የጮኸውንም ሁሉ ይቆፍሩ። ፍሪኩዌንሲውም (የማሽኑ የሞገድ ድግግሞሽ) ከፍ ይበል፤ ሚንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45፣ ፊሸር ጎልድ ባግ 2 በ71 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩት ለዚሁ ነው። በአንጻሩ 28 ግራም ለሚመዝነው የማርያ ትሬዛ ብር ከ5 እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል።

በሚስማር በተሞላ የድሮ ሰፈር ሳንቲሙ ሲሰወር

ሰፊ ኮይል ሚስማሩንና ሳንቲሙን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ብረቱ ሳንቲሙን ይሸፍነዋል። ትንሽ ኮይል ይግጠሙ፣ የምላሽ ፍጥነቱን (ማሽኑ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ለማለፍ የሚፈጥንበትን ቅንብር) ይጨምሩ፣ ቀስ ብለውም ያወዛውዙ። የጦር ጫፍን የመሰለ የብረት ዕቃ የሚፈለግ ከሆነ ዲስክሪሚኔሽኑ ዜሮ መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ ግን የቅርስ ፍለጋ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ወርቅ ስትፈልጉ የአክሱም ሳንቲም የመሰለ ነገር ቢወጣ፣ ሳታጥቡና ቦታውን ሳትነኩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳውቁ፤ የተገኘበት የአፈር ንብርብር ከፈረሰ የሳንቲሙ ታሪክ ግማሹ አብሮ ይጠፋልና።