ከሰሜን ሸዋ ወደ ጀርመን፦ ብዙ ቋንቋ ይዞ ትምህርት ስለ መጀመር

በሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ብዙ ቋንቋ ለአንድ ራስ እንደማይከብድ ከልጅነቱ ያውቃል። በቤት አማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በብዙ ገበያ ደግሞ ኦሮምኛ ይሰማል፤ ሳይጋጩ አብረው የሚኖሩትም እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ስላለው ነው። ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ይህንኑ ልማድ ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል፤ ለየትኛው ቦታ የትኛው ቋንቋ እንደሚሆን አስቀድሞ ይወስን፣ ውሳኔውንም ይጠብቅ።

በጀርመን በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ ፕሮግራሞች ብዙ ስለሆኑ፣ አንዳንዱ ተማሪ ጀርመንኛ ሳይዝ ይሄዳል። በክፍል ውስጥ አይቸገርም፤ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የጤና መድን ደብዳቤውና የከተማው አስተዳደር ቅጽ ግን በአብዛኛው በጀርመንኛ ይመጣሉ። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ማለትም ኤ1ን፣ አገር ቤት ሳሉ ይጨርሱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ለኮርስ በየቀኑ መመላለስ አይቻልም፤ ለብቻ የሚያጠና ሰው ከቄስ ትምህርት ቤት የተሻለ ዘዴ አያገኝም ብዬ አምናለሁ። አንዲቱን ገጽ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እንደ ግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በዜማ እየጎተቱ እንደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ሳያቋርጡ እንደ ቁም ንባብ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የጀርመንኛ ጽሕፈት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለአነባበቡ ታማኝ ስለሆነ ድካሙ በቶሎ ይካሳል።

አማርኛችን የሚያግዘን ቦታም አለ። በጀርመንኛ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያስጨንቀው ይህ ሥርዓት ግሥን በመጨረሻ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። «ዱ» እና «ዚ» የሚባለውን የአንተና የአንቱ ልዩነት ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም፤ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው «ዱ» ይባባላሉ፣ ለመምህርና ለቢሮ ሠራተኛ ግን «ዚ» ይባላል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከቁጥርና ከሰዓት ነው። 21 «አንድና ሃያ» ተብሎ ስለሚነገር ስልክ ቁጥር ሲጽፉ አኃዙ ይገለበጣል። ሰዓቱ ይብሳል። እኔ በመጀመሪያው ወር «ሃልፕ ኖይን» የሚል ቀጠሮ ሲሰጠኝ፣ «ኖይን» ዘጠኝ፣ «ሃልፕ» ግማሽ ብዬ፣ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑን በኩራት አሰላሁ። ጀርመኖች ግን እንዲህ ሲሉ ወደ ዘጠኝ ግማሽ ቀረ ማለታቸው ነውና ቀጠሮው በፈረንጅ 8:30፣ በእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ኖሯል። አንድ ሰዓት አርፍጄ ደርሼ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀጠሮ በአኃዝ አጽፌ እቀበላለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ወደ ቤትዎ በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አንሜልዱንግ» የተባለውን የአድራሻ ምዝገባ መፈጸም በሕግ ይጠበቅብዎታል፤ ለዚህም የአከራዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባትዎ ስም ከተሞላ፣ በመጠበቂያ ክፍሉ የሚጠሩት በአባትዎ ስም ነው፤ አባቴን ማን ፈለገው ብለው ተቀምጠው ተራዎ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ያንኑ ስም በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ፤ ስም ካልተጻፈ ደብዳቤው ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል። ደብዳቤ ሲደርስዎ ሁሉን ከመተርጎምዎ በፊት «ፍሪስት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ የጊዜ ገደብ ማለት ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው ቀን ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ትልቁ እንቅፋት እንግሊዝኛ ነው። ዳቦ ቤት ገብተው በጀርመንኛ ሲንተባተቡ ሻጯ በቅንነት ወደ እንግሊዝኛ ትዞርልዎታለች፤ ከዞረች በኋላ መመለሱ ይቸግራል። ስለዚህ «ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም ሰላምታ አስቀድመው በቃል ይያዙ። ለክፍልና ለጽሑፍ ሥራ እንግሊዝኛ፣ ለሱቅ፣ ለአውቶቡስና ለጎረቤት ጀርመንኛ ይሁን። በዶርም ካገኟቸው ኢትዮጵያውያን ጋር አማርኛ ማውራት ነውር የለውም፤ ሦስቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መቀላቀል ግን ሦስቱንም ያዳክማል።

ለቤተሰብ ሲያስረዱም ትርጉሙን ይመርምሩ። «ቪንተርሴሜስተር» የሚባለው በዩኒቨርሲቲዎች በፈረንጆች ጥቅምት 1፣ ማለትም በእኛ መስከረም 20 ወይም 21 ይጀምራል፤ «የክረምት ትምህርት» ብለው ከተረጎሙት እናትዎ ሐምሌና ነሐሴን ያስባሉ። ስልክ ሲደውሉም የእነርሱ ሰዓት በብርዱ ወራት ከእኛ በ2፣ በሙቀቱ ወራት በ1 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር ያስታውሱ፤ ለውጡ የሚደረገው በፈረንጆች መጋቢትና ጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ነው። በብርዱ ወራት እራት በልተው በእነርሱ 19:00 ላይ ሲደውሉ፣ በመንዝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ቤተሰቡ ሊተኛ ነው።