ቅድመ ክፍያው ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግረን

በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት፣ ሙሉውን ጆርናል (የምርምር መጽሔት) በዓመት ከመመዝገብ ጽሑፎችን በነጠላ መግዛት ያዋጣል ብለን ለአሳታሚው ቅድመ ክፍያ አስገባን። ሒሳቡ ግን ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ተሟጠጠ።

የአጠቃቀም ሪፖርቱን በኤክሴል ከፍቼ በዲኦአይ ቁጥር (የእያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ) ደረደርኩት። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። አንዱ ጽሑፍ ደጋግሞ ተገዝቷል። ተማሪው ከፍቶ ያነባል፣ ፒዲኤፉን አያስቀምጥም፣ የመመልከቻ ጊዜው ሲያልፍ እንደገና ይነካዋል፤ በነካው ቁጥር ከእኛ ይቆረጣል። ጭራሽ በነፃ የሚገኙ ጽሑፎችም ተገዝተዋል! ተማሪው ምን ያድርግ? ለእሱ ሁሉም ነፃ ነው የሚመስለው።

መፍትሔው የሊንክ ሪዞልቨሩ፣ ማለትም አንባቢውን ጽሑፉ ወደሚገኝበት ቦታ የሚመራው ሥርዓት፣ ቅደም ተከተል ላይ ነበር። መጀመሪያ የተመዘገብንባቸው ዳታቤዞች፣ ቀጥሎ በአንፔይዎል (ነፃ ቅጂዎችን ፈልጎ የሚያሳይ አገልግሎት) የሚገኝ ነፃ ቅጂ፣ ክፍያው መጨረሻ። የክፍያውን ሊንክ አንስቼ በአጭር የጥያቄ ቅጽ ተካሁት። አይተን እንገዛለን፣ ፒዲኤፉን ለጠያቂው እንልካለን። የተገዛውን ለሁሉም ማስቀመጥ ያጓጓል፤ አንዳንዱ ውል ግን ለጠያቂው ብቻ ነው የሚፈቅደው። ውሉን ሳታነቡ እንዳትሞክሩት።

ማታና ቅዳሜና እሁድ መልስ መጠበቅ ያማርራል። ስለዚህ ለመምህራንና ለፒኤችዲ ተማሪዎች ቀጥታውን መንገድ በሳምንታዊ ጣሪያ ከፍተንላቸዋል። የአንድ ጆርናል ግዢ ሲበዛ ደግሞ ከዓመታዊ ምዝገባው ዋጋ ጋር አስተያየዋለሁ።