ፈረሱ መሰናክሉ ፊት ሲቆም፦ የኢቨንቲንግ ጀማሪ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኢቨንቲንግ አንድ ፈረስና አንድ ፈረሰኛ በሦስት ዙር የሚፈተኑበት ውድድር ነው። ድሬሳዥ በተከለለ ሜዳ ውስጥ የታዘዘውን እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። ክሮስ ካንትሪ በመስክ ላይ ግንድ፣ ቦይና ውሃ እየዘለሉ መጋለብ ነው። ሾው ጃምፒንግ ደግሞ ሲነኩት የሚወድቅ አግዳሚ መዝለል ነው። እዚህ ያሉት ቁጥሮች የአሜሪካው የ«ቢጊነር ኖቪስ» (የጀማሪዎች) ደረጃ ናቸው፤ የመሰናክሉ ቁመት ከ79 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጉግስ ያየ ሰው ይህን ሊንቀው ይችላል። ጀማሪን የሚጥለው ግን ቁመቱ አይደለም፤ ከመሰናክሉ በፊት ያሉት አምስት ስድስት የግልቢያ እርምጃዎች ናቸው።

ፈረሱ ይቆማል ወይም ይሸሻል

መጀመሪያ ሁለቱን ይለዩ። ቀጥ ብሎ መጥቶ የቆመ ፈረስ ወይ ግፊት ወይ እምነት ጎድሎታል። ወደ ጎን የሸሸ ፈረስ ግን መውጫ ተከፍቶለታል።

ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሲቀርቡ ግልቢያው እየሞተ እንደነበር ያስታውሱ። ጀማሪ መሰናክል ሲያይ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ እግሩ ይላላል፣ ዓይኑ መሰናክሉ ሥር ይተከላል፣ ደረቱም ወደፊት ይደፋል። ክብደቱ በሙሉ ፊት እግሩ ላይ የወደቀበት ፈረስ ለመነሳት አይመቸውም። ስለዚህ ከመሰናክሉ ማዶ ያለ ዛፍ ወይም አጥር መርጠው እሱን ይመልከቱ፤ እርምጃውን ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ መቁጠር ትንፋሽዎን ያስወጣል፣ የግልቢያው ምት ሲወርድም ወዲያው ይሰማዎታል። ትከሻዎ ፈረሱ ራሱ እስኪነሳ ድረስ ቀና ይበል። ከዚያ በ50 ሴንቲ ሜትር መሰናክል ይጀምሩና ሦስት ጊዜ ያለ ማመንታት ሲዘል ብቻ ከፍ ያድርጉት።

ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ዘሎ በአራተኛው የሚቆም ፈረስ ሲያጋጥም አፉን ይጠርጥሩ። ፈረሰኛው በዝላዩ ወደኋላ ሲቀር ሚዛኑን በዛብ ይጠብቃል፤ ልጓሙም አፉን ይመታዋል። ፈረሱ ከዚያ የሚማረው «መዝለል ያማል» የሚለውን ነው። ጠንካራ ልጓም ይዞ ፈረስን በድንገት ማቆም የለመደ እጅ ይህን ልማድ ለመተው ጊዜ ይወስድበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመሰናክሉ ሁለት እርምጃ ሲቀር የአንገቱን መካከል ጋማ ጨብጠው እስኪያርፍ አይልቀቁ። ማንም አይስቅብዎትም።

ወደ ግራ ከሸሸ በግራ አዙረው ክብ አይጨርሱለት፤ ያ መንገዱን መሸለም ነው። ያቁሙት፣ ወደ ቀኝ አዙረው ይመለሱ፤ አለንጋውን በግራ እጅዎ ይያዙ፣ ግራ እግርዎ ከጎኑ አይለይ። በልምምድ ላይ ሁለት እንጨቶችን በመሰናክሉ ግራና ቀኝ ጫፍ አስደግፈው እንደ ቀንድ ወደ እርስዎ ቢከፍቷቸው መሃሉን ያሳዩታል። በውድድር ደግሞ በመሰናክሉ ግራና ቀኝ ካሉት ባንዲራዎች ቀዩ በቀኝዎ፣ ነጩ በግራዎ ሆኖ መዝለል አለብዎት።

ለዓመታት እሺ ሲል የኖረ ፈረስ በድንገት እምቢ ካለ አለንጋ አያንሱ። ኮቴውን፣ ጀርባውን፣ የኮርቻውን አቀማመጥና ጥርሱን ያስመርምሩ። ከፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ በሚገባ መሰናክልም ምክንያቱ ዓይን ሊሆን ይችላል፤ የፈረስ ዓይን ጨለማን የሚለምደው ከሰው ቀስ ብሎ ነውና ፍጥነት ቀንሰው ማያ ጊዜ ይስጡት።

በክሮስ ካንትሪ የመጀመሪያው እምቢታ 20 ነጥብ፣ በዚያው መሰናክል ሁለተኛው 40 ያስቀጣል፤ ሦስተኛው ያስወጣል።

ይቸኩላል

ዛቡን በጎተቱ ቁጥር ይብሳል፤ ከሚጎትተው እጅ ነው የሚሸሸው። ወደ መሰናክሉ ሲቀርብ ከተጣደፈ ሳይዘሉ 20 ሜትር ክብ አዙረው ምቱ እስኪመለስ ይጠብቁ። በሶምሶማ እየመጡ ከመሰናክሉ 2.5 ሜትር ገደማ በፊት መሬት ላይ እንጨት ያስቀምጡ፤ እንጨቱ እርምጃውን ራሱ ያስተካክልለታል።

አግዳሚ ይጥላል

ብዙውን ጊዜ ርቀቱ አልተለካም። የፈረስ የግልቢያ እርምጃ 3.6 ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም የሰው አራት እርምጃ፣ እያንዳንዱ 90 ሴንቲ ሜትር። በሁለት መሰናክል መካከል በእግርዎ 20 እርምጃ ከቆጠሩ ለአራት ሲካፈል አምስት፤ ለማረፊያና ለመነሻ አንድ ሲቀነስ አራት የግልቢያ እርምጃ ይቀራል። ትንሽ ፈረስ ከሆነ አምስት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህን ከመውጣትዎ በፊት ይወስኑ። እያንዳንዱ የወደቀ አግዳሚ 4 የቅጣት ነጥብ ነው።

ሰዓት ያልፋል፣ ወይም ቀድመው ይደርሳሉ

የክሮስ ካንትሪው ፍጥነት በደቂቃ ከ300 እስከ 350 ሜትር ነው። መንገዱ 1750 ሜትር ከሆነና ፍጥነቱ 350 ከተባለ የተፈቀደው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ለየአንዳንዱ ሰከንድ 0.4 ይቀጣሉ፤ አሥር ሰከንድ ማለት አንድ አግዳሚ ነው። ከ420 በላይ በመፍጠንም ይቀጣሉ፤ በዚህ መንገድ ከ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በፊት መድረስ ማለት ነው። በሜዳ ላይ 350 ሜትር ለክተው በአንድ ደቂቃ እስኪጋልቡት ይለማመዱ፤ ሰውነት ፍጥነቱን ከሰዓት በተሻለ ያስታውሳል። እምቢታ 20፣ ሃምሳ ሰከንድ መዘግየትም 20 መሆኑን ካሰቡ፣ ጀማሪ ለምን መቸኮል እንደሌለበት ግልጽ ነው።

በድሬሳዥ ክቡ እንቁላል ይሆናል

20 በ40 ሜትር በሆነው ሜዳ ዳር ቦታን የሚያሳዩ ፊደላት አሉ፦ ኤ በአጭሩ ጎን መካከል፣ ኬ እና ኤፍ በሁለቱ ረጅም ጎኖች ከጥጉ አጠገብ። ከኤ የሚጀምር የ20 ሜትር ክብ ረጅሙን ጎን የሚነካው ከኬ እና ከኤፍ 4 ሜትር አልፎ ነው። ጀማሪ ግን ፊደሉ ላይ ይነካና ወደ ጥግ ይገባል። ነጥቡ መቶኛ ነው፣ ከመቶ የጎደለው ቅጣት ይሆናል፤ 68 ያገኘ 32 ቅጣት ይዞ ወደ ቀጣዩ ዙር ይሄዳል።

ውሃ አልገባም ይላል

ለፈረሱ ጥልቀቱ አይታየውም። ከለመደ ፈረስ ጋር፣ በእርምጃ፣ ከጉልበቱ በታች ወደሆነ ውሃ ያስገቡት፤ ሲገባ ቆም ብሎ ይጫወት። ቦይም እንዲሁ ነው፤ ከጠባቡ ይጀመራል።

ከሩጫ በኋላ ትንፋሹ አይበርድም

ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ሲጨርሱ ወዲያው ይውረዱ (ሲወድቁ ተነፍቶ ሰውነትዎን የሚጠብቀውን የአየር ጃኬት ገመድ ከኮርቻው መፍታት አይርሱ፤ ከረሱት መሬት ሳይነኩ ይነፋል)። ኮርቻውን ያውርዱ፣ ጥላ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሳያቋርጡ በሙሉ ሰውነቱ ላይ ያፍሱ፣ በየመሃሉ ያራምዱት። ላብ ላይ ያለ ፈረስ ውሃ አይጠጣም የሚለውን ልማድ ይተዉት፤ ከፈለገ ይጠጣ። አሥር ደቂቃ ውሃ ፈሶበት ትንፋሹ ካልወረደ፣ ከተንገዳገደ ወይም ላቡ በድንገት ከቆመ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ እስኪደርስም ውሃውን አያቁሙ።